በመስኮት የተማረው ስፌት

ኸድር ጎረምሳ ሳለ የጨበጠውን መሪ ፀጉሩ እስኪሸብት አልለቀቀም ነበር። ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ሲመላለስ በጣርማ በር ዋሻ ስንት ጊዜ እንዳለፈ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ያስቆመው ግራ ጉልበቱ ነው። ፍሪሲዮን በረገጠ ቁጥር ጉልበቱ ላይ ሚስማር የሚመቱበት ይመስለው ጀመር። ሐኪሙ "ይበቃዎታል" አሉት፤ ሚስቱ አሪፋም "ሐኪሙን ስማ" አለችው፤ ቁልፉን ለባለንብረቱ አስረከበና ሸዋ ሮቢት ቤቱ ገባ።

ቤቱ ግን ጠበበው። ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ሄዶ የቆሙትን መኪኖች ጎማ በእግሩ መታ መታ እያደረገ ያልጠየቁትን ሾፌሮች ይመክራል። ፀሐይዋ ስትበረታ ይመለስና አሪፋን እየተከተለ ሲዞር ይውላል። ድስት ከፍቶ ያያል፤ ሽንኩርቱን ካለቦታው ያስቀምጣል፤ የማይንጠባጠበውን ቧንቧ ይፈታል።

"በአላህ ይዤሃለሁ፣ የምትሠራው ነገር ፈልግ!" ትለዋለች አሪፋ።

ሥራ የተገኘው ግን ለእሷ ነበር። አሪፋ ያለችበት የሴቶች ማኅበር የእጅ ስፌት ሥልጠና አመጣ። አሠልጣኟ ኤደን የምትባል የደብረ ብርሃን ልጅ ነች፤ ሙያውን ብቻዋን እየሞከረች ነው የለመደችው፤ ለሰው ስታስተምር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የምታስተምረው ልጥፍ ስፌት ነው። ከየቀለሙ ጨርቅ ቅጠልና አበባ ይቆረጣል፤ በነጭ አቡጀዲ ላይ በእጅ ይሰፋል፤ መጨረሻ ላይ ከሥሩ ጥጥና ገበር ተደርቦበት ወፍራም የአልጋ ልብስ ይሆናል። ልዩ የሚያደርገው ጠርዙ ነው። ኤደን የቅጠሉን ዳር በመርፌዋ ጫፍ ወደ ውስጥ ጠረግ ታደርገዋለች፤ የታጠፈውን በአውራ ጣቷ ትይዛለች፤ የእጥፋቱን አፍ ብቻ ለቀም አድርጋ ትሰፋለች። ክሩ አይታይም። ቅጠሉ ከአቡጀዲው ላይ የበቀለ ይመስላል።

ሥልጠናው ከገበያው ጀርባ ባለ ክፍል ውስጥ ነበር። ኸድር አሪፋን በባጃጅ ያደርስና መመለስ ሲገባው በግቢው ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ቁጭ ይላል።

"ሂድ እንጂ" ትለዋለች።

"ጥላው ጥሩ ነው" ይላታል።

ማንጎው ያለው ከክፍሉ መስኮት ፊት ለፊት ነው። ሙቀቱ ስለሚያፍን መስኮቱ ሁልጊዜ ወለል ብሎ ይከፈታል። ኤደን ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ትቀመጣለች፤ ሴቶቹ ደግሞ እጇን ከቅርብ ለማየት ከግራና ከቀኝ ከጎኗ ተኮልኩለው በትከሻዋ በኩል ያያሉ። ኸድር መጀመሪያ ያይ የነበረው እንዲሁ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ ነው። ቀናት ሲያልፉ ግን ያቺ መርፌ ያዘችው። ጨርቁን ስትጠርገው፣ ጨርቁ እሺ ብሎ ሲገባ፣ ጣቷ ሲያርፍበት ያያል። የገዛ ጣቶቹም ጉልበቱ ላይ አብረው ይንቀሳቀሱ ጀመር።

አሪፋ ግን አልሆነላትም። የማንጎ ቅጠል አድርጋ የቆረጠችው አረንጓዴ ጨርቅ ዳሩ ተጨማድዷል፣ ክሩ ተፈቷል፣ ወዙም ጠፍቷል። አንድ ቀን ከሥልጠና ስትወጣ በእጇ ጨምድዳው ነበር።

"ይሄ ቅጠል ነው? ፍየል አኝካ የተፋችው ነው የሚመስለው!"

"አሳዪኝ እስቲ" አላት ኸድር።

"ምን ታውቃለህ አንተ? ሁላችንም እንደዚሁ ነን። ሐቢባማ ዛሬ መርፌውን ወርውራ ወጣች። እጃችን የማጭድ እጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አይችልም።"

ቤት ሲደርሱ ቅጠሉን አልጋው ላይ ጣለችውና የታመመች ጎረቤቷን ልትጠይቅ ሄደች። ኸድር የዙሁር ሶላቱን ሰግዶ ሲያበቃ ቅጠሉን አየው። በሩን አየ። መነጽሩን አደረገ።

የአሪፋን ስፌት ፈታና አቡጀዲውን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። "ቢስሚላህ" አለና መርፌውን ያዘ። ኤደን እንደምታደርገው፣ እሱ ከማንጎው ሥር እንዳየው፣ የመርፌውን ጫፍ ከዳሩ ሥር አስገብቶ ጠረግ አደረገው። ጨርቁ ተንሸራቶ ገባ።

ኸድር ደነገጠ። እጁን አላነሳም። በግራ አውራ ጣቱ ያዘው፣ ለቀም አደረገ፣ ሳበ። ክሩ ጠፋ። ደግሞ ጠረገ። ደግሞ ገባ! ልክ ከባድ መኪና ወደ ጠባብ በር በኋላ ማርሽ ሲገባ፣ ሁለቱም ጎን ሳይነካ ሰተት ብሎ ሲገባ የሚሰማው ዓይነት ደስታ ደረቱን ሞላው።

"አንተ!" አለ ጮክ ብሎ፣ ማንም በሌለበት ቤት። "አንተ ልጅ!"

አሪፋ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ባሏ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ወርዶ፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ ይሰፋል።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"አትናገሪኝ፣ እንዳይበላሽ!"

ቀርባ አየች። አንደኛው የቅጠሉ ጎን ከላይ እስከ ታች ጥርት ብሎ ወጥቷል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን ጨርቁ ተጠቅልሎ እንደ ምስር ፍሬ አብጧል። አሪፋ ግን ጫፉን አላየችውም።

"ወላሂ ይሄን አንተ አልሠራኸውም።"

"እኔ ነኝ እንጂ።"

"ማን አስተማረህ?"

"ማን ያስተምረኛል? በመስኮት ነው ያየሁት።"

አሪፋ ከጎኑ ተቀመጠች። ከእጁ ነጥቃ ራሷ ሞከረች፤ ጨርቁ እንደ ወትሮው ተጨማደደባት። ኸድር እጇን በዓይኑ ተከተለ። ከዚያ በድንገት ጭኑን መታ።

"አሪፋ፣ ከየት ነው የጀመርሽው?"

"ከግራ። ኤደን ከግራ አይደል እንዴ ወደ ቀኝ የምትሄደው?"

"እኔ ሳያት ከቀኝ ወደ ግራ ነው የምትሄደው።"

"ዓይንህ ነው! እኔ አጠገቧ ነው የምቀመጠው!"

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ኸድር፤ ተነሥቶ ቆመ፣ ጉልበቱን እንኳ ረሳው። "ልጅቷ ግራኝ አይደለችም?"

"ናት። ይሄንን ማን አጣው?"

"በቃ! ስፖኪዮ ነው!"

"ምን?"

"የመኪና ስፖኪዮ! በመስታወት ስታዪ ግራው ቀኝ ይሆናል፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። እኔ ፊት ለፊቷ ነኝ፤ የእሷ ግራ እጅ ለእኔ እንደ ቀኜ ነው። እናንተ ግን ጎኗ ሆናችሁ፣ እናንተ ቀኝ፣ እሷ ግራ፣ መንገዷን እንዳለ ትቀዳላችሁ። መርፌያችሁ በተቃራኒው መንገድ እየሄደ ነው! አዙሪው። ከቀኝ ጀምሪ።"

አሪፋ ጨርቁን አዞረችው። ከቀኝ ጀመረች። መርፌው ጠረገ፣ ጨርቁ ገባ። ቀና ብላ ባሏን አየችው፤ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ ሁለቱም እንደ ልጅ ሳቁ። እስከ አስር ሶላት ድረስ ቅጠሉን እየተቀባበሉ ሰፉ።

በማግስቱ አሪፋ ክፍል እንደገባች አልተቀመጠችም።

"ኤደን ልጄ፣ ዛሬ ሁላችንም ከፊት ለፊትሽ ነው የምንቀመጠው" አለችና ነገሩን ተናገረች። ኤደን እጇን አየች፣ የሴቶቹን እጅ አየች፣ ግንባሯን መታች።

"እኔ እኮ ለግራኝ የሚመቸውን ነው ያሳየኋችሁ! ስንት ቀን ሙሉ ምን እያጠፋሁ እንደሆነ ሳስብ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እትዬ አሪፋ፣ ማነው ይሄን ያወቀው?"

ሁሉም በመስኮቱ ወደ ማንጎው ዞሩ። ኸድር ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ አድርጎ የተኛ መሰለ።

"ጋሼ ኸድር፣ ይግቡ!" አለች ኤደን።

"እኔ ጥላ ፈልጌ ነው..."

"ግባ ይልሃል ሰው!" አለች አሪፋ።

ገባ። ሴቶቹ እየተሳሳቁ በበሩ በኩል ቦታ ለቀቁለት። አግዳሚዎቹ ከኤደን ፊት ለፊት ተደረደሩ። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የተሰማው ጩኸት መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። "ገባልኝ!" ትላለች አንዷ። "እዩት፣ እዩት፣ ክሩ አይታይም!" ትላለች ሌላዋ። መርፌ ወርውራ የወጣችው ሐቢባ ተጠርታ መጣች፤ የመጀመሪያውን ጎን ስትጨርስ እልል አለች።

ኸድር የቅጠሉን ጫፍ የተማረው በዚያ ቀን ነው። ጫፉ ላይ ሲደርሱ አንድ ስፌት ይጨመራል፤ ከሥር የተረፈው ጨርቅ በመቀስ ይቀነሳል፤ ከዚያ ጫፉ መጀመሪያ ወደ ታች፣ ቀጥሎ ወደ ጎን ይታጠፋል። ጨርቁ ቢያስቸግር በምራቅ የራሰ ስንጥር ይረዳል። ሲሆንለት ጫፉ እንደ እሾህ ሾለ። ለእያንዳንዷ ሴት አዙሮ አሳየ።

ሴቶቹ አበባ፣ ቅጠል፣ ወፍ መረጡ። ኤደን ኸድርን "እርስዎስ ምን ይሠራሉ?" ብላ ጠየቀችው።

አላሰበበትም። አፉ ቀደመው። "መንገድ።"

"የምን መንገድ?"

"የእኔን። ከጣርማ በር ዋሻ እስከ ሮቢት ድረስ የሚወርደውን።"

ከዚያ ኤደን ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች፤ ዓይኗ በራ።

"ጋሼ፣ ይሄማ በጣም ደስ ይላል! ግን ጠመዝማዛ ነው፤ ይከብዳል።"

"ስነዳውም ይከብድ ነበር።"

የልብስ ሰፊው አንዋር ሱቅ ሄዶ ለመንገዱ ግራጫ ፖፕሊን፣ ለዋሻው ጥቁር፣ ለቆላው እርሻ የአረንጓዴ ዓይነት ሁሉ ቁርጥራጭ ሰበሰበ። ግራጫውን ቀጭን አድርጎ ቆረጠና የመጀመሪያውን ኩርባ ሞከረ። ጨርቁ ተኮማተረ፤ መንገዱ መሐሉ ላይ ጉብ ጉብ አለበት። ፈታው። ደግሞ ሰፋው። ደግሞ ጎበጠ።

"ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጨርቅ አይታጠፍም" አለችው ኤደን። "በሰያፍ ይቁረጡት።"

በሰያፍ ቆረጠው። ሳብ ሲያደርገው እንደ ላስቲክ ተለጠጠ፤ ኩርባው ላይ ሲያስቀምጠው ራሱ ዞረ። ኸድር ቁራጩን ከፍ አድርጎ ያዘና "ይሄ መሪ አለው! ወላሂ መሪ አለው!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ የሚያስቆመው ጠፋ። ጠዋት ከመናኸሪያ ይልቅ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፣ ብርሃኑ ሳይበረታና እጁ ሳያልበው ይሰፋል። የዋሻውን አፍ ግማሽ ክብ አድርጎ በጥቁር ሠራው። ከዋሻው በታች ያለውን ገደል በቡኒ፣ ከደብረ ሲና ወዲህ ያለውን ቁልቁለት በአረንጓዴ አለበሰው። የሾፌር ጓደኞቹ በደጁ ሲያልፉ "ኸድር ሙሽራ ሆነ እንዴ፣ መርፌ ይዟል?" ይሉታል። እሱ ቀና አይልም። "አንዋርም ወንድ ነው፣ መርፌ ይዞ ነው ልጆቹን ያሳደገው" ይልና ይቀጥላል።

አሪፋ የማንጎ ቅርንጫፏን ቀድማ ጨረሰች። የእሷ ስፌት ከእሱ ይበልጣል፤ ሁለቱም ያውቁታል። አንዳንዴ ከኋላው መጥታ በጣቷ አንድ ቦታ ትነካለች፦ "እዚህ ክርህ ይታያል።" እያጉረመረመ ይፈታዋል።

ማኅበሩ ሥራውን ደብረ ብርሃን በሚከፈት ባዛር ላይ ሊያቀርብ ተዘጋጀ። ባዛሩ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው የድሮ ረዳቱ ይልማ ምሳ ሊበላ ሮቢት ቆመ። ይልማ አሁን ራሱ ሾፌር ነው፣ ሲኖትራክ ይነዳል። "ጋሼ ኸድር ልብስ ሰፊ ሆኑ" የሚለውን ወሬ ሰምቶ ሊስቅ ነበር የመጣው። አልጋ ልብሱን ግቢው ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሲያየው ግን አልሳቀም። ቀረበ። ጣቱን ዋሻው አፍ ላይ አደረገና በመንገዱ ቁልቁል ነዳው። በአፉ የሞተር ድምፅ ያሰማ ነበር፤ ማሰማቱን ግን ራሱም ልብ አላለውም። መሐል ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

"ጋሼ፣ አንድ ጎድሎዎታል።"

"ምን ጎደለ?"

"የአህያዋ መታጠፊያ! ያቺ አህያ መሐል መንገድ ቆማብን፣ ፍሬን ይዘው እኔ በመስታወቱ ልወጣ የነበረበት።"

"እዚህ ነዋ!"

"እሱ የሾላ ዛፉ መታጠፊያ ነው። የአህያዋ ከሱ በታች ነው።"

"አንተ ልጅ፣ እኔን መንገድ ልታስተምረኝ ነው?"

ጩኸታቸውን ሰምተው በአቅራቢያው ካለው ምግብ ቤት ሌሎች ሾፌሮች መጡ። አንዱ በይልማ፣ አንዱ በኸድር ወገነ። ሁሉም ጣታቸውን መንገዱ ላይ አድርገው ከዋሻው ጀምረው ነዱ፤ በየኩርባው ማርሽ ይቀንሳሉ፣ የሚተላለፉበት ቦታ ላይ ይጣላሉ። አሪፋ "እጃችሁ ቅባት ነው! ታጠቡ!" እያለች በፎጣ ታባርራቸዋለች። በመጨረሻ ኸድር ዓይኑን ጨፈነ። ሁለት እጁን መሪ እንደያዘ አድርጎ ከዋሻው ወጣ፤ በልቡ ወረደ። ሾላው። ቀጥሎ ቀኝ... ዓይኑን ገለጠ።

"ልክ ነህ" አለ ለይልማ። "ጎድሏል።"

"ተወው በቃ" አለች አሪፋ። "ደብረ ብርሃን ላይ ማን ይቆጥረዋል?"

"ሾፌር ያያል።"

አሪፋ ባሏን ለአፍታ አየችው፤ ከዚያ መቀሱን አመጣች። የመንገዱን ታችኛ ግማሽ አብረው ፈቱት። እሷ ግራጫውን በሰያፍ ቆረጠች፣ እሱ ኩርባውን በጠመኔ አሰመረ። ጥጡና ገበሩ ተደርቦ ስለነበር እየገለበጡ፣ ከአንድ ወገን እሱ ከአንድ ወገን እሷ ሆነው ሰፉ። ሐቢባም መጥታ አገዘች። አህያዋንም አሪፋ ከአመድማ ቁራጭ ቆርጣ፣ ጆሮዋን በሁለት ስፌት አቁማ፣ መታጠፊያው ላይ ሰፋቻት። ኸድር ሲያያት ሳቁ አልቆም አለው።

ባዛሩ የተከፈተው በብርዳማ ጠዋት ነበር። የአሪፋ ማንጎ ገና ግድግዳው ላይ ሳይሰቀል አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት "ይሄ የኔ ነው" ብላ ያዘችው። አሪፋ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ኸድርን በክርኗ ትጎሽመዋለች። የኸድር መንገድ ዙሪያ ግን የቆመው ሰው ሊበተን አልቻለም። አንድ ሾፌር ጣቱን ቁልቁል እየነዳ አህያዋ ጋ ደርሶ "የአህያዋ መታጠፊያ!" ብሎ ሲጮህ ኸድር አሪፋን አያት፤ አሪፋ "እሺ፣ እሺ" አለችው።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ረጅም፣ ጥቁር ሻርፕ የለበሱ ሴትዮ ቀረቡ። ሙሀባ እንደሚባሉና አገራቸው ማጀቴ እንደሆነ ነገሩት። መንገዱን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ሮቢት ላይ ሲያልቅ ፊታቸውን አጨፈገጉ።

"እዚህ ቆመ?"

"አዎ፣ እትዬ። ቤቴ እዚያ ነው።"

"እኛስ? ከሮቢት ወዲያ አገር የለም?"

ኸድር ከሮቢት ወዲያ ያለውን አገር በሙሉ በዓይነ ልቡናው አየው፦ ማሽላው፣ የማሾው ማሳ፣ ወንዞቹ፣ ወደ ማጀቴ የሚገነጠለው መንገድ። ደረቱ ውስጥ ያ የመጀመሪያው ቀን ደስታ እንደገና ተነሣ።

"እሠራዋለሁ" አላቸው። "ኢንሻአላህ የእርስዎንም እሠራዋለሁ።"

አሪፋ ክንዱን ያዘችው። "እንሠራዋለን" አለች።

በሳምንቱ ሁለቱ ወደ ማጀቴ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበሩ። ኸድር መንገዱን እንደገና ሊያየው ፈልጎ ነው፤ ዓይኑ ከመንገዱ አልተነቀለም። የፍየል መንጋ አስፋልቱን ሲያቋርጥ መኪናው ቆመ። አሪፋ ከዘንቢሏ የአረንጓዴ ቁርጥራጮቿን አውጥታ ወርዳ ከማሳው ዳር ቆመች፤ አንድ በአንድ እያነሣች ከማሾው ጋር ታስተያያለች።

"ይሄኛው ነው" አላት ኸድር ተከትሏት ወርዶ።

"እሱ ደብዝዟል። ይሄ ነው።"

"እሱ የበርበሬ ቅጠል ነው የሚመስለው!"

አንድ ገበሬ ተሳፋሪ በሩ ላይ ሆኖ ይሰማቸው ነበር። ወረደና ከአሪፋ እጅ ሁለት ቁራጮች መረጠ። "ማሾ አንድ ቀለም አይደለም" አላቸው። "ላዩ ይሄ ነው፣ ታቹ ይሄ።" ከኋላው ሌላ ሴት ወረደች፦ "ማሽላውንስ በምን ልታደርጉት ነው?" ፍየሎቹ አልፈው መንገዱ ተከፍቶ ነበር፤ ተሳፋሪው ግን ግማሹ ወርዶ፣ እያንዳንዱ አንድ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ይዞ፣ ወደ ማሳው እያመለከተ ይከራከር ነበር።